የትራክተር ሎደር የሃይድሮሊክ መስመር ጥገና

ሎደር ከትራክተር ፊት በሁለት ክንዶች ላይ የሚገጠም ባልዲ ያለው ማንሻ ሲሆን፣ አፈር፣ ጠጠር ወይም ፍግ ዝቆ ለማንሳት የሚያስችለውን ጉልበት የሚያገኘው በሞተሩ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ በቱቦ ከሚገፋው ዘይት ነው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል፤ በዚህም ምክንያት የውስጥ ዲያሜትሩ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር፣ ማለትም ፒስተን የሚመላለስበት ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ በ180 ባር ግፊት ከ5 ቶን በላይ ሊገፋ ይችላል። ባር የግፊት መለኪያ ነው፤ የመኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ባር ብቻ ስለሚይዝ፣ የተቀደደ የሃይድሮሊክ ቱቦን በካላማዳሪ ቁራጭና በሽቦ ጠቅልሎ ማሰር ጥገና ሊባል የማይችልበት ምክንያት ከዚህ ልዩነት ይታያል።

መስመሩ በክንዱ ርዝመት በብረት ቧንቧ፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ በጎማ ቱቦ ይሄዳል። የጎማው ቱቦ ሦስት ንብርብር አለው፦ ዘይት የማይበላው የውስጥ ጎማ፣ ግፊቱን የሚሸከም በአንድ ወይም በሁለት ዙር የተጎነጎነ የብረት ሽቦ እና የውጭ ሽፋን። ሽፋኑ ከብረት ጋር እየተፋተገ ሲያልቅ ሽቦው ለእርጥበት ተጋልጦ ይዝጋል፤ ስለዚህ ሽቦው የታየ ወይም ያበጠ ቱቦ፣ ገና ባያፈስም እንኳ፣ ሊለወጥ ይገባል።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ፍሳሹን መፈለጉ ነው። በመርፌ ቀዳዳ ያህል ክፍተት የሚወጣ ዘይት ለዓይን እምብዛም ሳይታይ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ቁስሉ መጀመሪያ ላይ ቀላል ቢመስልም በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣትን ወይም እጅን እስከማሳጣት ይደርሳል። ስለሆነም ፍሳሽ በእጅ እየተዳሰሰ ሳይሆን ራቅ ብሎ በተያዘ የካርቶን ቁራጭ ይፈለጋል። ማገናኛ ከመፈታቱ በፊትም ባልዲው መሬት ላይ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ የመቆጣጠሪያው ዘንግ በሁሉም አቅጣጫ ተንቀሳቅሶ የታፈነው ግፊት ይለቀቃል፤ ወደ ላይ የቀረ ክንድ የተያዘው በሲሊንደሩ ውስጥ ባለው ዘይት ብቻ በመሆኑ፣ መስመሩ ሲፈታ በሠራተኛው ላይ ሊወድቅ ይችላል።

የተጎዳ የብረት ቧንቧ በአንድ ወጥ፣ ስፌት በሌለው የብረት ቧንቧ ይተካል፤ የውኃ መስመር ቧንቧ ወይም በቀዳዳ ላይ የተለጠፈ ብየዳ ለዚህ ግፊት አይታመንም። የጎማው ቱቦ ምትክ በውስጥ ስፋቱም ሆነ በሚሸከመው ግፊት ከቀድሞው ማነስ የለበትም። ከባዱ ሥራ የማገናኛውን ጥርስ መለየት ነው፦ የግማሽ ኢንች የእንግሊዝና የአሜሪካ የቧንቧ ጥርሶች ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ናቸው፤ የጥርሳቸው ማዕዘን ግን አንዱ 55፣ ሌላው 60 ዲግሪ ስለሆነ፣ ተዛማጅ መስለው ጥቂት ዙር ከገቡ በኋላ ያፈሳሉ። ከተለያዩ አገሮች የመጡ ትራክተሮች ጎን ለጎን በሚያርሱባት ኢትዮጵያ፣ ናሙናውን ይዞ መለካት ከግምት እጅግ ይሻላል።

የተቆረጠ ቱቦ የብረትና የጎማ ብናኝ ስለሚይዝ ከመገጠሙ በፊት ይጸዳል፤ ብናኙ ፓምፑንና ቫልቩን፣ ማለትም የዘይቱን አቅጣጫ የሚመራውን ክፍል፣ ይፍቃል። በሚገጠምበት ጊዜ ቱቦው መጠምዘዝ የለበትም፤ በጎኑ የታተመው ጽሑፍ ቀጥ ብሎ መሄዱ ለዚህ ጥሩ ማረጋገጫ ነው። ከዚያም ክንዱ ያለ ጭነት ቀስ እያለ ደጋግሞ ወጥቶ ሲወርድ አየሩ ይወገዳል፣ የጎደለው ዘይትም ይሞላል። ቱቦውን የፋቀው ስለታም ጠርዝ ካልተሞረደና የላላው ማቀፊያ ካልጠበቀ ግን አዲሱም ቱቦ እዚያው ቦታ ላይ ይፋቃል።