ያውቁ ኖሯል? እንቅርት፣ ጨውና የሆርሞን ምርመራ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ስንል ሁለቱን ሕመሞች አጎራበትናቸው እንጂ ዝምድና የላቸውም። ጆሮ ደግፍ ቫይረስ የሚያመጣው የምራቅ ዕጢ እብጠት ነው፤ በቀናት ይለቃል። እንቅርት የታይሮይድ ዕጢ ማበጥ ሲሆን በአገራችን ዋናው ምክንያቱ የአዮዲን እጥረት ነው። ዕጢው አዮዲን አጥቶ ሆርሞኑ ሲያንስ፣ ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ቲ.ኤስ.ኤች የተባለ ሆርሞን እየላከ «ጨምር» ይለዋል። ዕጢውም ሲለፋ ያብጣል።

እንቅርት ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው እጅ ብቻ ነው። የዕጢው አንዱ ወገን ከአውራ ጣት የመጨረሻ አንጓ ከበለጠ እንቅርት አለ ይባላል። አውራ ጣቱ ታዲያ የመርማሪው ሳይሆን የተመርማሪው ነው፤ የሕፃን አንገት በአዋቂ ጣት አይለካም።

ሐኪም «እስቲ ውሃ ጎንጨት በይ» ብሎ አንገት አንገት የሚያየው ለምን ይመስልዎታል? ታይሮይድ ስንውጥ አብሮ ከፍ ይላል። ሌላ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ንቅንቅ አይልም።

ሁለት እጅዎን ወደ ላይ አንስተው እንዲቆዩ ከታዘዙም አይገረሙ። ፊት ደም ከመሰለ እንቅርቱ ወደ ደረት ዘልቆ የደም ሥር ተጭኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ምልክት በ1946 እ.ኤ.አ. የጻፈው ፔምበርተን የተባለ ሐኪም ነው።

ወደ አዮዲኑ እንመለስ። ግራናንና መርሳን የያዘው የወሎው ሐብሩ ወረዳ በምሥራቅ ከአፋር ጋር ይዋሰናል። የአገራችን ጨው በብዛት የሚመጣውም ከዚያው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ነው። ሆኖም ለጨው መጎራበት ለአዮዲን መጎራበት አይደለም፤ አዮዲኑ በማምረቻው ካልተጨመረበት ጨው ያው ጨው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከጀመረው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በፊት አዮዲን ያለው ጨው በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ይገባ ነበር፤ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። በ2005 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከ100ው 40 ያህሉ እንቅርት ተገኘባቸው። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጨው ከተመረመረባቸው ቤቶች በ89 በመቶው አዮዲን ተገኝቷል። «አለው» እና «በቂ አለው» ግን ለየቅል ናቸው። እርጥበት፣ ፀሐይና እሳት አዮዲኑን ያሳሱታል፤ ስለዚህ ጨው ተከድኖ ይቀመጥ፣ ወጡም ላይ ወደ መጨረሻው ይጨመር።

ስዊዘርላንድም የእንቅርት አገር ነበረች። ጨው ላይ አዮዲን መጨመር የጀመረችው በ1922 እ.ኤ.አ. ነው።

አንገት አበጠ ማለት ሆርሞን ተዛባ ማለት አይደለም። እንቅርት ኖሮበት ሆርሞኑ ልክ የሆነ ብዙ ሰው አለ። አንገቱ ለስላሳ ሆኖ ልቡ የሚደልቅ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ደግሞ ታይሮይዱ በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ድካም፣ ብርድ መጥላትና የሆድ ድርቀት ሲደራረቡ ተቃራኒው ይጠረጠራል። ይህን የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ አነባበቡ ግን ያሳስታል፦ ቲ.ኤስ.ኤች ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ ታይሮይዱ ሰንፏል፣ ዝቅ ሲል ፈጥኗል።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲን ይህን ውጤት ሊያዛባ ይችላል። ከምርመራው በፊት ይናገሩ።

ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ለመለካት ደም በአብዛኛው የሚቀዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ማታ በተፈጥሮው ይወርዳል።

ታይሮይድ ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ የእናቱ ሆርሞን ደግፎታልና። በብዙ አገሮች ከተረከዙ ጠብታ ደም የሚወሰደው ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መድኃኒት ከጀመረ አእምሮው ይተርፋል።

ለወሎ ሰው የሚከብደው ይኼኛው ይመስለኛል፦ ሌቮታይሮክሲን የተባለው የታይሮይድ መድኃኒት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ይዋጣል፤ ቡና መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። አቦሉ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። መጠኑ ከተቀየረ ቲ.ኤስ.ኤች ዳግም የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ ቢለኩት የሚናገረው ገና የድሮውን ነው።