ያለቀሰው ማን ነው?

የክርስቶስ ሰው መሆን ለምእመን የሚሰጠው መጽናናት በአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ በአልዓዛር መቃብር ያለቀሰው ማን ነው? በዘጌ፣ በኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ የመቅደሱን ግድግዳ የሸፈኑት ሥዕሎች ጥያቄውን በዐይን ያሳዩታል። ሕፃኑ በእናቱ ክንድ ነው፤ ይሰደዳል፤ ይገረፋል፤ ይሰቀላል።

ስደቱ ለጣና ዳር ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። የጣና ቂርቆስ ትውፊት ድንግል ማርያም ሕፃኑን ይዛ በደሴቲቱ እንዳረፈች ይናገራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚቆመው ማኅሌተ ጽጌም ይህንኑ መንገድ፣ ረኃቡንና ጥሙን፣ ያስባል። ልጇን አዝላ ከቀዬዋ የወጣች እናት ሌሊቱን ቆማ ስትሰማ የምታውቀውን ነገር ትሰማለች።

ሥዕሎቹን «የሞኖፊዚት ጥበብ» ብለው የሚያልፉ የውጭ መጻሕፍት ግን ነገሩን ከሥሩ ያበላሹታል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የ451ዱን የኬልቄዶን ጉባኤ ስላልተቀበለች የክርስቶስን ሥጋ መለኮት ውጦታል ብላ ታምናለች ይሏታል። ይህ ራሷ የምታወግዘው የአውጣኪ ትምህርት ነው። የእርሷ እምነት ተዋሕዶ ነው፤ መለኮትና ሥጋ ያለ መዋጥ አንድ መሆናቸው። ሁለቱን ማምታታት ስንፍና ነው።

ተዋሕዶን ለመረዳት የእስክንድርያው አባት የቄርሎስ ምሳሌ፣ የጋለ ብረት፣ ይሻላል። ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት ሲመታ የሚጎብጠው ብረቱ ነው፤ እሳቱ አይቆስልም፤ የተመታው ግን አንዱ ፍም የመሰለ ብረት ነው። ቀዝቃዛ ብረት ቢቀጠቀጥ ማረሻ አይወጣውም፤ ሰው ብቻ የሆነ አዛኝም አብሮ ከማልቀስ አያልፍም። ብረት የሌለው እሳት ደግሞ በጉጠት አይያዝም፣ መዶሻም አያገኘውም። ወናፉስ? ወናፉ ላይ ሲደረስ ምሳሌው ይደክማል፤ ብረት ከምድጃ ወጥቶ ወናፍ ሲለየው ይቀዘቅዛልና፤ ተዋሕዶ አይቀዘቅዝም።

ጎጃምም በዚህ ብዙ ተሟግቷል። የክርስቶስ ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው ወይስ በመንፈስ ቅዱስ ቅባት? አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ለተዋሕዶ ፈረዱ። ክርክሩ የቅኔ ቤት ጨዋታ ቢመስልም የኀዘንተኛው ጉዳይ ነበር፦ የደከመው ሥጋ የራሱ የአምላክ ነው ወይስ የተሾመ ሰው?

በዘጌ ለጎብኚ ሥዕል የሚያስረዳ ሰው «አምላክ ከሆነ ለምን በታንኳ ተኛ?» መባሉ አይቀርም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በደንገል ታንኳ ላይ የቀዘፈ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ ክርስቶስ ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ደክሞት ነበር። ማዕበሉ ሲበረታ ደቀ መዛሙርቱ ቀሰቀሱት፤ ተነሥቶም ነፋሱን ገሠጸ።