የተጠረገው ቤት ባዶ እንዳይቀር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ከሰው ስለ ወጣ ርኩስ መንፈስ ሲያስተምር፣ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ቤቱ ተጠርጎ ነገር ግን ባዶ ሆኖ ስላገኘው ከእርሱ የከፉትን ይዞ እንደሚገባ ነግሮናል (ማቴ. 12፥43-45)። ይህ ትምህርት መጠጥን ትተው አዲስ ሕይወት የጀመሩ ወገኖቻችንን በብርቱ ይመለከታል። መጠጥን መተው ቤትን መጥረግ ነው፤ የተጠረገው ቤት በምን ይሞላ የሚለው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የመጠጥ ልማድ የሚይዘው ሰውነትን ብቻ አይደለም። ከሥራ በኋላ ያለውን ሰዓት፣ የበዓሉን ደስታ፣ የኀዘኑን መርሻ፣ ከሁሉም በላይ ጓደኝነትን ይይዛል። ስለዚህ መጠጥ ያቆመ ሰው ከብርጭቆው ጋር ባልንጀሮቹንም ያጣል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን የሚሄድበት ይጠፋዋል፤ ብቸኝነቱን ለመሸሽም «ለጨዋታ ብቻ» ብሎ ወደ ቀድሞው ስፍራ ይመለሳል።

ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ምእመናን በወይን እንዳይሰክሩ ከልክሎ ብቻ አላበቃም፤ በመንፈስ እንዲሞሉ፣ እርስ በርሳቸውም በመዝሙር እንዲነጋገሩ አዘዛቸው (ኤፌ. 5፥18-19)። በተከለከለው ፈንታ ሁለት ነገር ሰጣቸው፤ መልካም ሥራንና መልካም ባልንጀራን።

መልካም ሥራ ስንል ለእጅም ለአእምሮም የሚሆን ነው። በገና መማር አንዱ ነው፤ ዐሥሩን አውታር መቃኘትና መደርደር ትዕግሥትን ስለሚጠይቅ ባዶ የነበረውን ምሽት ይሞላል። የግእዝ ቋንቋን መማር፣ መዝሙር ማጥናት፣ በአጥቢያው ቅጽር ችግኝ መንከባከብም እንዲሁ ነው። የእግር ጉዞ፣ የጓሮ አትክልትና ንባብም ለሰውነትና ለኅሊና ዕረፍት ይሰጣሉ።

መልካም ባልንጀራ ደግሞ በአገልግሎት መካከል ይገኛል። ከሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤ፣ ወደ ገዳማት ከሚደረግ ጉዞ፣ ሕሙማንንና እስረኞችን ከመጠየቅ (ማቴ. 25፥36) የሚወለድ ወዳጅነት ብርጭቆ አያስፈልገውም። ለንስሐ አባትም ኃጢአትን ብቻ ሳይሆን የሚከብደውን ሰዓት ጭምር መንገር ይገባል፤ በዚያ ሰዓት ምን ማድረግና ከማን ጋር መሆን እንደሚሻል አብሮ ለመወሰን ይረዳል።

ለብዙ ዘመን በየቀኑ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው ግን በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል ሕመምና የአእምሮ መቃወስ ሊያገኘው ይችላል፤ ይህም ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ከጸሎቱና ከጠበሉ ጋር ሐኪም ማማከር አለበት።

የቀረው ድርሻ የእኛ ነው። በየወሩ በ12 በቅዱስ ሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን ስም በምንሰበሰብበት የጽዋ ማኅበር ጠላ ይቀርባል። መጠጥ ያቆመውን ወንድም «የዝክሩን ትንሽ ቅመስ» ብለን ስናስጨንቀው፣ መጠጊያ ብሎ በመጣበት ቤት መሰናክል እንሆንበታለን። ሐዋርያው ግን ወንድምን የሚያሰናክል ከሆነ ወይንንም አለመጠጣት መልካም እንደሆነ አስተምሯል (ሮሜ 14፥21)። የማኅበሩ በረከት በጸሎቱና በፍቅሩ እንጂ በመጠጡ ብርታት አይደለም። ተረኛው ያልፈላ ብርዝ አዘጋጅቶ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መጠጫ ቢያቀርብ፣ ያ ወንድም ከሌላው ሳይለይ፣ ሳይሸማቀቅ ከወገኖቹ ጋር ይቀመጣል። ገና ያልጸና ከሆነም ለጊዜው ቢቀር አይነቀፍ፤ ይልቁንም ከማኅበሩ አንዱ ሄዶ ይጠይቀው።

ከመካከላቸው ተመልሶ የወደቀ ቢኖር የንስሐ በር አልተዘጋበትም፤ እኛም በራችንን አንዝጋበት። ውድ ምእመናን፣ በአጥቢያችሁ መጠጥ ያቆመ ሰው ካለ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ዛሬ የት ትውላለህ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የሚውልበት ከሌለውም ወደ ቤታችሁ ውሰዱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።