ተማሪው የሚጠላው ሩጫውን ነው ወይስ መታየቱን?

የሒሳብ ፈተና የወደቀ ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል። የአካል ብቃት ፈተና ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ መሳብ ያቃተው ልጅ፣ ሲያቅተው ክፍሉ ሁሉ ያየዋል።

ፈተናው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው በድንጋጤ ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1954 ሐኪሙ ሃንስ ክራውስና ባልደረባው ባሳተሙት ጥናት፣ ቀላል የጡንቻ ፈተናዎችን መወጣት ያቃታቸው አሜሪካውያን ልጆች ከግማሽ በላይ ነበሩ፤ ከኦስትሪያ፣ ከጣሊያንና ከስዊዘርላንድ ልጆች ግን የወደቁት 10 በመቶ እንኳ አልሞሉም። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 የወጣቶች አካል ብቃት ምክር ቤት አቋቋሙ። በ1966 ደግሞ ከእኩዮቹ 85 በመቶውን ለበለጠ ተማሪ የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ይሰጥ ጀመር። እንግዲህ ሽልማቱ አብዛኛው ልጅ ገና ከመነሻው ተሸላሚ እንዳይሆን ተደርጎ ነው የተሠራው።

ልጆቹስ ምን ይላሉ? በ1995 የታተመው የሆፕልና የግራሃም ጥናት የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ አንድ ማይል ሩጫ ጠይቆ ነበር። ብዙዎቹ ለምን እንደሚሮጡ አያውቁም። ሩጫውን የማይወዱት ብዙ ነበሩ፤ በተለያየ ዘዴ ከፈተናው የሚያመልጡም ተገኝተዋል። ለእኔ ከጥላቻው ይልቅ የሚያሳስበው አለማወቁ ነው። ለምን እንደሚለካ ያልተነገረው ልጅ ልኬቱን እንደ ቅጣት ቢቆጥረው አይፈረድበትም።

ሌላውን የሩጫ ፈተና፣ ቢፕ ቴስት የሚባለውን፣ እንመልከት። ተመራማሪው ሉክ ሌዤ ሞንትሪያል ውስጥ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ነው። ተማሪው በ20 ሜትር መስመር ላይ ድምፅ እየተከተለ ይመላለሳል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በግማሽ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ፍጥነት ሲጨምር ሰውነት የሚጠቀመው ኦክስጅንም ስለሚጨምር፣ ልጁ ካቆመበት ደረጃ ተነስቶ የልቡንና የሳንባውን አቅም ያለ ቤተ ሙከራ መገመት ይቻላል። ብልህ ዘዴ ነው። ችግሩ ደካማው ቀድሞ ይወጣና ዳር ቁጭ ብሎ የሚታይ መሆኑ ነው።

ውጤቱም የጥረት ብቻ ልኬት አይደለም። አንድ ክፍል የሚማሩ የ13 ዓመት ልጆች፣ አንዱ ጎርምሶ ሌላው ገና ሕፃን ሊመስል ይችላል። ሄሪቴጅ የተባለው ጥናት ደግሞ አዋቂዎችን ለ20 ሳምንት አንድ ዓይነት ሥልጠና ሰጥቶ፣ የኦክስጅን አጠቃቀማቸው የአንዳንዱ በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ ሲጨምር የሌላው እምብዛም እንዳልተነቃነቀ አሳይቷል። ከልዩነቱ ግማሽ ያህሉ የዘር ነው። (አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን የረሳ መምህር ደግሞ፣ ከባሕር ወለል አገር የመጣ የሩጫ መለኪያ እንዳለ ቢገለብጥ ልጆቹን ይበድላል።)

ፈተናው ብቻውን ልጁን ከስፖርት ያባርረዋል ማለት ግን ይከብዳል። ተመራማሪው ሳይመንተንና ባልደረቦቹ በ2019 እንዳሳዩት፣ ተማሪው ለስፖርት ትምህርት ያለውን ስሜት የፈተና ውጤቱ የሚያብራራው በጥቂቱ ብቻ ነው። በ2018 የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ የአዋቂዎችን ትዝታ መርምሮ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ የተሰማ ኀፍረትና ደስታ ዛሬ ቁጭ ብሎ ከመዋል ጋር እንደሚያያዝ አግኝቷል። መንስኤው ያ ነው ብሎ ግን አያረጋግጥም። ሁለቱን ሳነብ የምደርስበት ድምዳሜ፣ የሚጎዳው ከቁጥሩ ይልቅ አሰጣጡ ነው የሚል ነው።

ፊንላንድ ከ2016 ጀምሮ የአምስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቿን በሙሉ ትለካለች። ውጤቱ ለትምህርት ቤት የጤና ምርመራ ያገለግላል እንጂ ማርክ አይሆንም። አሜሪካ ያንን ሽልማት የሚያስገኘውን የፕሬዚዳንቱን ፈተና ከ2012–13 የትምህርት ዘመን በኋላ ትታው ነበር፤ በሐምሌ 2025 ግን ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንዲመለስ ትእዛዝ ፈርመዋል። ስለዚህ አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ ስንት እንዳመጣ ከመጠየቃችሁ በፊት ለምን እንደተለካ ተነግሮት እንደሆነ ጠይቁት። መምህራንም ውጤቱን ለልጁ ለብቻው ንገሩት፤ የሚወዳደረውም ካለፈው ዓመት ከራሱ ጋር ይሁን።