ለአኩሪ አተር የሚወጣው ብር የት ይዋል?

ከመተማ ዮሐንስ እስከ ገንዳ ውኃ ባለው ጥቁር አፈር ገንዘቡ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥን በሰሊጥ ላይ የሚደጋግም ገበሬ ግን ምርቱ እየቀነሰ ሲሄድ ያያል። በመሃል አኩሪ አተር ወይም ማሾ ዝሩ የሚባለውም ለዚህ ነው። ዘሩ ሲገዛ ማዳበሪያውስ የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ለአኩሪ አተር ዩሪያ መግዛት አያዋጣም ባይ ነኝ። ፍሬው 40 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ በአንድ ኩንታል ውስጥ 6 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን አለ። ከሄክታር 20 ኩንታል ያፈሰ ሰው 120 ኪሎ ናይትሮጅን ከማሳው አውጥቷል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነውና ይህን ለመተካት ከሁለት ኩንታል ተኩል በላይ ይፈልጋል። ዩሪያ ደግሞ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ምን ያህል እንደከበደ ሁሉም ያውቀዋል።

አኩሪ አተር ግን ተስማሚ ባክቴሪያ ካገኘ አብዛኛውን ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል። ችግሩ፣ ሰብሉ ለአገራችን እንግዳ በመሆኑ ይህ ባክቴሪያ በአፈራችን እንደ ልብ አይገኝም፤ ማሾ በዚህ በኩል ይሻላል። መፍትሔው ባክቴሪያውን የያዘ ሕያው ማዳበሪያ ነው፤ መናገሻ ባዮቴክ እዚሁ አገር ያመርተዋል። ለሄክታር የሚበቃው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ዘሩን በስኳር ውኃ አርጥቦ፣ ጥላ ሥር ከሕያው ማዳበሪያው ጋር አሽቶ፣ ወዲያው እርጥብ አፈር ውስጥ መቅበር ነው። ከወር ከምናምን በኋላ አንድ ተክል ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያለውን እባጭ በጥፍር ሰንጥቁት። ውስጡ ከቀላ እየሠራ ነው፤ ከነጣ ገንዘቡ ባክኗል።

የሚባክነውም በአብዛኛው ማሳ ላይ ሳይሆን መጋዘን ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት ቆላ፣ ቆርቆሮ ቤት የተከማቸ ባክቴሪያ ይሞታል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከማዳበሪያ ብድር በፊት ማቀዝቀዣ ቢገዙ ገበሬው ይበልጥ ይጠቀማል። ከዩሪያው የተረፈው ብር ፎስፈረስ ላለበት ኤንፒኤስቢ ማዳበሪያ ይዋል፤ እሱም ከዘሩ ጎን በመስመር እንጂ ተበትኖ አይደለም፤ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋልና።

በጓንግና በሽንፋ ወንዞች ዳር ፓምፕ ያለው ሰው በመስኖ ቢያለማ፣ እኔ የምመርጥለት በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርሰውን ማሾ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ በሄክታር 10 ሜትር ኩብ ነው፤ የደረቀ ጥቁር አፈር ደግሞ ስንጥቁ የመጀመሪያውን ውኃ ውጦ ያስቀረዋል። ስለዚህ እርጥበቱ ሳይጠፋ ኅዳር ላይ መዝራት ነዳጅ ያተርፋል። አበባው ሲወጣና ፍሬው ሲሞላ ውኃ ካጣ የቀደመው ወጪ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ ነዳጁ ለግማሽ ሄክታር ብቻ የሚበቃ ከሆነም ግማሹን ብቻ መዝራት ይሻላል።