ሦስተኛው እጅ፦ ለቤትዎ የሚሆን ቆላፊ ፒንሳ እንዴት ይምረጡ?

እሑድ ማታ ነው እንበል። አምቦ ባለው ቤትዎ የወጥ ቤቱ ቧንቧ አልዘጋ ብሏል። ዋናውን መዝጊያ ልዝጋ ብለው ወደ ጓሮ ሲወጡ ክብ እጀታው ዝጎ ተሰብሯል፤ የቀረችው ጣት የምታክል ብረት ብቻ ናት። ልጅዎ ባትሪ ይዞ ያበራል፤ ተራው ፒንሳ ያዳልጣል፤ የቧንቧ ሠራተኛው ስልክ አያነሳም። ውሃው ግን መፍሰሱን አላቆመም።

ለእንዲህ ያለ ማታ የሚደርስልዎ መሣሪያ ባለጋራዦቹ «ቫይስ ግሪፕ» የሚሉት ቆላፊ ፒንሳ ነው። ስሙ የአንድ አምራች የንግድ ምልክት ነበር። መሣሪያውን የሠራው ዊሊያም ፒተርሰን የተባለ፣ ከዴንማርክ ወደ አሜሪካ የሄደ አንጥረኛ ሲሆን፣ ለመቆለፊያ ዘዴው የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1924 ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእጀታው ጫፍ ያለው ብሎን መንጋጋው ምን ያህል እንደሚጠብ ይወስናል። እጀታውን ሲጨብጡት ውስጥ ያለው ማያያዣ ብረት ቀጥ ብሎ ጥቂት ያልፍና ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ እጅዎን ቢያነሱም እሱ አይለቅም። ለማስለቀቅ ትንሿን ምላስ መጫን ይበቃል።

መጠንና መንጋጋ

ለቤት አንድ ብቻ የሚገዙ ከሆነ ባለ 10 ኢንቹን (250 ሚሊ ሜትር)፣ መንጋጋው ጎበጥ ያለውንና ሽቦ መቁረጫ ያለውን ይምረጡ። ቤት ውስጥ የሚበዛው የግማሽ ኢንች ቱቦ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ኢንቹ ደግሞ 33። ባለ 10 ኢንቹ ሁለቱንም ይይዛል፤ ክብ ቱቦም ሆነ ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ለጎባጣው መንጋጋ ይመቸዋል።

ሁለተኛ መግዛት ካሰቡ ቀጭን አፍ ያለው ትንሹ ይጠቅማል፤ የተሰበረ ብሎንና ጠባብ ቦታ የሱ ድርሻ ነው። ቀጥ ያለ መንጋጋ ላሜራ ለመያዝ ይሻላል። አፉ ሰፊ ቅስት የሆነው ደግሞ ብረት ገጥሞ ለሚበይድ ሰው እንጂ ለቤት የግድ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ የሚፈትኑት

አምቦ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መርካቶ ረክሶ የተገዛ ፒንሳ በሳምንቱ ቢበላሽ፣ ለመመለስ የሚያወጡት የትራንስፖርት ገንዘብና የሚያጠፉት ቀን ቅናሹን ይበላዋል። ጊንጪም ሆነ ጉደር፣ ጌዶም ሆነ ባኮ ይኑሩ፣ ፈትነው ከሚያስገዛዎትና ቢበላሽ ከሚቀይርልዎት የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ መግዛት ያዋጣል።

ሲሄዱ አንድ ቁራጭ ፌሮና አንድ ብሎን በኪስዎ ይያዙ። መጀመሪያ መንጋጋውን ዘግተው ወደ ብርሃን ያሳዩት፤ ሁለቱ ጥርሶች እኩል ካልገጠሙ ይተዉት። ቀጥሎ መንጋጋውን ወደ ጎን ያወዛውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያዎቹ ልል ናቸው። የማስተካከያው ብሎን በጣት ብቻ መዞር አለበት። ሞላው ደግሞ መንጋጋውን ወዲያው መክፈት ይኖርበታል።

ከዚያ ፌሮውን አስይዘው ይቆልፉና በኃይል ይጠምዝዙ። ካዳለጠ ወይም ራሱ ከተከፈተ አይግዙት። ሲፈቱት ጥርሱን ይመልከቱ፤ የተደፈጠጠ ካለ ብረቱ ለስላሳ ነው። «ክሮም ቫናዲየም» የሚል ጽሑፍ ጥሩ ምልክት ቢሆንም፣ ጽሑፍ ማንም ሊቀርጽ ይችላልና ፈተናውን አይተካም።

በመጨረሻም ፒንሳውን ለባለቤትዎ ይስጡና ቆልፈው ይፍቱት። አንድ ሰው ብቻ የሚፈታው ፒንሳ፣ ያ ሰው ከቤት በሌለ ቀን ለማንም አይጠቅምም።

አያያዙ

መንጋጋውን ዕቃው ላይ አድርገው ብሎኑን እስኪነካ ያጥብቁ፤ ከፍተው ሩብ ዙር ይጨምሩና ይጨብጡ። ሲቆለፍ «ቀጭ» ማለት አለበት። ለመቆለፍ መዶሻ ካስፈለገ ከልክ በላይ አጥብቀውታል።

የዛገ ዳዶ ሲገጥምዎ ዘይት ጠብ አድርገው ጥቂት ይታገሡ፤ ከዚያ ወዲያና ወዲህ እያሉ በዝግታ ይፍቱ። ጤነኛ ዳዶ ግን የመፍቻ ሥራ ነው፤ የፒንሳው ጥርስ ጠርዙን ይበላዋል። የሚያብረቀርቅ የቧንቧ ራስ የሚይዙ ከሆነ በወፍራም ጨርቅ ይጠቅልሉት።

ሁለት ቦታ ግን ፈጽሞ አያስገቡት። አንደኛው የጋዝ ሲሊንደር መዝጊያ ነው፤ በጉልበት የተጎዳ መዝጊያ ጋዝ ያፈሳል፣ የሚያፈስ ጋዝ ደግሞ ቤት ያቃጥላል። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ነው፤ እጀታው ፕላስቲክ ስለለበሰ ብቻ ከአደጋ አይጠብቅዎትም። 1000 ቮልት የሚል ምልክት ከሌለው ለዚያ ሥራ አልተሠራም። ልጆችም እንዲያውቁት ያድርጉ፤ ሲቆለፍ ጣት ቢያገኝ አይምርም።

ወደዚያ ማታ እንመለስ። ፒንሳውን የቀረችው ብረት ላይ ቆልፈው በዝግታ ወደ ቀኝ ቢያዞሩት መዝጊያው ሊዘጋ ይችላል። ይህ እስኪነጋ የሚያደርስ እንጂ ዘላቂ ጥገና አይደለም፤ በማግሥቱ እጀታው ወይም መዝጊያው መቀየር አለበት።

ስለዚህ ፒንሳውን የገዙ ዕለት ሌላም ነገር ያድርጉ፤ ቤተሰቡን ይዘው ወደ ጓሮ ይውጡና ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ያሳዩ፤ ዘግተው ይክፈቱት። ፒንሳውን በትንሹ ዘይት ቀብተው ሁሉም በሚያውቀው ቦታ ይስቀሉት። በጨለማ የሚፈለግ ዕቃ ቦታው መታወቅ ያለበት በቀን ነው።