አያቴ የቆጠረችው ብር

አያቴ ዕድሜዋን በዓመተ ምሕረት ቆጥራ አታውቅም። «ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ ነፍስ አውቄ ነበር» ትል ነበር። ያ በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ኅዳር 1928 ነው፤ ከማይጨው ጦርነት አራት ወር ያህል ቀደም ብሎ። ጃንሆይም ያን ቀን ደሴ ነበሩ። ለእኔ ግን የእሷን ዘመን በእጇ ባለፈው ገንዘብ መከተል ይቀለኛል፤ ዕድሜ ልኳን በርበሬ ነጋዴ ነበረችና።

መጀመሪያ ያወቀችው ጠገራ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን፣ መቼም ይመታ መቼ 1780 የሚል የተጻፈበት። እናቷ ከመቀበሏ በፊት ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ከንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ እንክብል በጥፍሯ ትዳስሳለች። እንክብሉ ከፈዘዘባት ለገዢው ትመልሳለች። ሮምም ይህን ጠባያችንን አውቃለች፤ ከወረራው በፊት የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወስዳ ጠገራውን ራሷ ማስመታት ጀመረች። ሊሬውን ግን ገበያተኛው ወረቀት ነው ብሎ ገሸሽ አደረገው።

ጣሊያን ሲባረር እንግሊዞች ሽልንግ ይዘው መጡ። በ1937 የጃንሆይ ምስል ያለበት የራሳችን ብር ወጣ። ሃምሳ ሳንቲሙ ከእውነተኛ ብር የተሠራ ስለነበር አያቴ ወረቀቱን እየመነዘረች ሳንቲሙን ታስቀምጥ ነበር። መጥፎ ገንዘብ ጥሩውን ከገበያ ያስወጣል የሚለውን የግሬሻም ሕግ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀው ነበር ማለት ነው።

ጃንሆይ በመስከረም 1967 ከወረዱ በኋላ ምስላቸው ሁለት ዓመት ሙሉ ኪሳችን ውስጥ ቆየ። በ1969 ደርግ ብሩን ሲቀይር ግን በየቅሉና በየማሰሮው የተደበቀው ሁሉ ወደ ባንክ መውጣት ግድ ሆነበት። ያን ጊዜ ባለ ገንዘብ ሆኖ መታየት ያስፈራል፤ ትርፍ ቤት ከተወረሰ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። አያቴ በበርበሬ ጆንያ ሥር ያኖረችውን አውጥታ ለልጆቿና ለእቁብተኞቿ አከፋፈለች፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይዞ ሄዶ ቀየረላት። አንደኛው አልመለሰም። ስሙን እስከ ዕለተ ሞቷ አልነገረችንም፤ በዓመት በዓል ግን ቤታችን እየመጣ ይበላ እንደነበር ጠርጥሬአለሁ።

የ1990ው ቅያሪ ብዙም አላስጨነቃት፤ ያኔ የቀራት ጥቂት ነበር። በመስከረም 2013 አዲሱ ብር ሲወጣ ግን የመጀመሪያዋን ባለ ሁለት መቶ ኖት ወስጄ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው፤ በጥፍሯም ዳሰሰችው።

«ይሄን ገበያ ውስጥ ማን ይዘረዝርልኛል? ሂድና በአሥር በአሥር አድርገህ አምጣልኝ» አለችኝ።